የዓርብ በርገር

አቶ እንድርያስ የሞቱት ራሳቸው በሚሸጡት በርገር ላይ ተደፍተው ነው። አንዴ ገምጠዋል፤ ለሁለተኛው አልታደሉም። ከንፈራቸው አብጧል፣ ፊታቸው ጠቁሯል፣ አንገታቸውን ደግሞ አየር ፍለጋ በገዛ ጥፍራቸው ቧጥጠውታል። ከሥጋው የወጣው ስብ ሰሐኑ ላይ ረግቶ ነጭ ሆኗል።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ወደ ኮተቤው በርገር ቤት የደረሰችው ዘግይታ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ከየሥጋ ቤቱ ደጅ የተሰለፈው ሰው መንገዱን አጣቦባት ነበር። ሐኪም ስብ ከልክሏት ሳለ እሷም ልትሰለፍ ዳድቷት ነበርና ሬሳው ፊት ስትቆም ትንሽ አፈረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዳቦውን አሸተተችው።

«ኦቾሎኒ» አለች።

«ኦቾሎኒማ ለእንድርያስ መርዝ ነው!» አለ የሟቹ ሸሪክ ሀብቶም፣ ወፍራም አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ። «አለርጂ አለበት። መርፌ ከዱባይ ነው የምናስመጣለት። እዚህ በምንዛሪ እጦት አይገኝም። ያለችው አንዲት ናት፤ እዚህ መሳቢያ ውስጥ።»

መሳቢያው ተከፈተ። ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ምግብ አብሳይዋ ሶሬቲ ጣቢያ ገብታለች። ሰሐኑን ያቀረበችው እሷ ናት በሚል የሰፈሩ ጎረምሳ ከፍርድ ቤት ቀድሞ ፈርዶባት፣ ፖሊስ ያስጣላት ከንፈሯ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። አሁን የሚጠብቃት የነፍስ ግድያ ክስ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከሀብቶም ጀመረች።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ያልተጣላን መቼ ነው? አንድ የውጭ ኩባንያ ቤቱን ሊገዛን መጣ። ድንቹ ተቆርጦ ከአውሮፓ በበረዶ ይመጣል፣ ዘይቱ ከማሌዥያ፣ ሥጋው ተጠፍጥፎ በካርቶን። እንድርያስ ‹የእንጦጦ ገበሬ ድንቹን ማን ላይ ሊደፋው ነው?› ብሎ አሻፈረኝ አለ። ዶላር በወጣ ቁጥር እኛ ስንወርድ እያየ! አዎ፣ ተናድጃለሁ። ግን በንዴት ሰው ቢሞት አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?»

የሟቹ ልጅ ነፃነት ከጂም እንደመጣች በስፖርት ልብሷ ተቀምጣለች። የበርገር ቤቱን ማስታወቂያ በኢንተርኔት የምትሠራው እሷ ናት። ጉልበቷ ላይ ሰላጣ የሞላበት የፕላስቲክ ሣህን ይዛለች፤ ክዳኑን አልከፈተችውም።

«አንቺ በርገር አትበዪም?»

«ነክቼው አላውቅም። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ በሽታ… እሱን ነው በዳቦ ሸፍነን የምንሸጠው።»

«ግን ታስተዋውቂዋለሽ።»

«ሥራዬ ነዋ!»

«ዛሬ ጠዋት ምን አየሽ?»

ነፃነት ዓይኗን ጠረገች። «አባባ ሁሌም በር ሳይከፈት የመጀመሪያውን በርገር ይቀምሳል። ዓርብ ስለሆነ የጾሙን ነው የሚበላው፤ የምስሩን፣ ያለ ሶስ። የጾም ሶሳችን እንቁላል ስለማይገባበት በኦቾሎኒ ነው የሚሠራው። ሶሬቲ ከባልዲው እየጨለፈች ስትቀባ በዓይኔ አይቻለሁ። የደንበኛ መስሎኝ ዝም አልኩ። ረስታ ነው፣ ምስኪን! ሆን ብላ ነው አልልም።»

ይህ ርኅራኄዋ ለኢንስፔክተሯ አልጣማትም። ወደ ኩሽና ገባች። የጾም ሶስ የሚቀመጥበት ባልዲ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደፍቷል። በጣቷ ቂጡን ዳሰሰችው፤ አቧራ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በስልክ «ሶሬቲን አምጡልኝ» አለች። አብራት ለመጣችው ሳጅን ደግሞ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት።

ሁሉም ከአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ገንዘብ ተቀባይ ሆነው የሚሠሩት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ሶሬቲ ከበሩ አጠገብ በፖሊስ ታጅባ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ ሰሐኑን መሃል ላይ አስቀመጠችው።

«አቶ ሀብቶም፣ ይህ በርገር የምንድን ነው?»

«የበሬ ነዋ! ስቡ ይታያል እኮ።»

«በዓርብ ምድር? ሟቹ ጾም ይገድፉ ነበር ማለት ነው?»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ በሐዘናቸው መሃል ተቆጡ። «እንድርያስ ነው ጾም የሚገድፈው? የካ ሚካኤል ምስክሬ ነው! በዓለ ሃምሳ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል።»

«እኔም ሥጋ ቤቱ ደጅ የተሰለፈውን ሕዝብ ሳይ ሆዴ አስታውሶኛል። ሶሬቲ፣ የጾም ሶስ መጨረሻ የሠራሽው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልሠራሁም። ማን ይበላዋል?»

«ባልዲውም አቧራ ጠጥቷል። እንግዲህ ኩሽናው ውስጥ ኦቾሎኒ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከውጭ ገብቷል። ሶሬቲ ለጣቢያው በሰጠችው ቃል፣ ሰሐኑን አስቀምጣ ስትወጣ ሟቹ ጓሮ ሆነው ከድንች ነጋዴ ጋር በስልክ ያወሩ ነበር። የገባው ሰው ዳቦውን ገልጦ የቀባው ያን ጊዜ ነው። ማን እንደሆነም ራሱ ነግሮኛል። ነፃነት፣ ዛሬ ጠዋት በዓይንሽ ያየሽው ሶስ የቱ ነው?»

ነፃነት ስልኳን አወጣች። «ዓርብ… በየዓርቡ የጾሙን ማስታወቂያ እለጥፋለሁ እኮ… ዛሬም ወጥቷል።»

«የለጠፈው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሱ ሃምሳ አያውቅም። አንቺም ከምትሸጪው ቀምሰሽ ስለማታውቂ የበሬውን ከምስሩ አልለየሽም። ጥፋቱን በሶሬቲ ለማላከክ የጾም ቀን ያስፈልግሽ ነበር፤ ያልሆነውን ቀን መረጥሽ። ሳጅን፣ ያልኩሽን የሰላጣ ሣህን ክፈቺው፤ እስካሁን ክዳኑን አልነካችውም።»

ሳጅኗ ሰላጣውን ገለጠች። ከቅጠሉ ሥር መርፌውና የኦቾሎኒ ቅቤ የተጣበቀበት ማንኪያ ወጡ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ሟቹ ከገዛ ልጃቸው የሚጠብቁት ሞት አልነበረም። እሷ ግን አላለቀሰችም። «አባባ እምቢ ስላለ ኩባንያው ሌላ ቤት ሊገዛ ነበር» አለች። «ለድንች ገበሬ ብሎ ሕይወቴን ዘጋብኝ። ደግሞስ ምን አደረግሁት? ሰው ሁሉ በቀስታ በሚሞትበት በርገር እሱ በፍጥነት ሞተ።»

ሀብቶም በመሐረቡ አፉን ያዘ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን ተነሥተው ከኢንስፔክተሯ እግር ላይ ወደቁ።

«እርስዎም እናት ነዎት! ባሌን አጣሁ፣ ልጄንም ልጣ? ሶሬቲ በስሕተት ነው ትበል፤ ለስሕተት ብዙ አይፈረድም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቤት የሚጠብቃት የለ። እኔ ስንቅ አመላልስላታለሁ። ሶሬቲዬ፣ ስንት ዓመት አብረሽን በላሽ! እሺ በይኝ!»

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ልመና ግን ሰምታ አታውቅም።

ሶሬቲ የተሰነጠቀ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ጋሼ ሲያጣጥሩ እጄን ይዘው ነበር፣ እትዬ። የጠሩት ግን እሷን ነው። ‹ነፃነት፣ ልጄ፣ መርፌዬን!› አሉ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። እኔ መርፌውን ይዛ የምትገባ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላት።»

ነፃነት በፖሊሶች መሃል ሆና ስትወጣ እናቷ ቀና ብለው አላዩዋትም።