የኦራዝ መውረጃ

በዘርማት ቤተ መንግሥት የነበረችው የመጨረሻዋ ምንጭ አንድ ማለዳ ደም መስላ ቀላች፤ እስከ ቀትርም ደረቀች። በዚያ አገር ውሃ የሚፈልቀው ኦራዝ ሜዳውን በረገጠበት ብቻ ነው። ኦራዝ ጀርባው ሣር ያበቀለ፣ ዝሆንን የሚያስንቅ የጫካ ፍጥረት ነው፤ በየበልጉ ከደመናው ጫካ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። አሁን ግን ከቀረ ሦስት ዓመት ሆነው።

ጠቢባኑ «አቀባበላችን አንሶት ተቆጥቷል» አሉ። ስለዚህ የዘርማት ሰው የአቀባበሉን ከበሮ በየዓመቱ አሳደገው፤ ዘንድሮማ ከበሮው የጎጆ ጣሪያ አክሎ ነበር። ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ማብዛት ይወዳል።

ንግሥት ማዕዶት ዱካ አዋቂዋን ሐመልማልን አስጠሩ። «ለምን እንደቀረ መርምረሽ ንገሪኝ። ዘንድሮም ካልወረደ ሕዝቤን ይዤ አገር መልቀቄ ነው» አሏት።

«በእናቴ አጥንት እምላለሁ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ አልመለስም!»

ሐመልማል የከበሮውን አለቃ፣ ወንድሟን መርዕድን ይዛ ወጣች። ሰው የሚያንቀውን ሐረግ በሰይፍ እየቆረጡ፣ ገደሉን በገመድ እየተንጠለጠሉ ጫካው ዘለቁ። እዚያም የኦራዝን ዱካ አገኙ። ዱካው በየዓመቱ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ይታጠፋል። የአምናው ደግሞ ከካቻምናው ርቆ፣ ገና ከላይ ነው የታጠፈው። ከትልቁ ዱካ ጎን ትንንሽ ዱካዎች ነበሩ።

ሐመልማል ተንበርክካ ዳሰሰቻቸው። «መርዕድ፣ እናት ናት! ግልገል ይዛ ነው የምትወርደው። የከበሮው ድምፅ እስከሚሰማበት ትመጣና ደንግጣ ትመለሳለች።»

መርዕድ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ያባረርኳት።»

«ሁላችንም ነን። ተነስ!»

ያን ጊዜ ከበላያቸው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ኦራዝ ግልገሏን አስከትላ ቁልቁለቱን ጀምራለች። ከታች ደግሞ ሕዝቡ ለአቀባበል ተሰልፏል። በዘርማት ሕግ፣ በዚያ ዕለት ከበሮውን ዝም ያሰኘ ይሞታል።

«ከበሮው ያለበት ማማ ላይ ከእኔና ከመቺዎቼ በቀር ማንንም አያስወጡም» አለ መርዕድ። «አንቺ ከኋላዋ ሁኚ።» እጇን ለቀም አድርጎ ሳመና በአቋራጭ ሮጠ።

ከበሮው አንዴ ጮኸ። ኦራዝ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግልገሏንም በግንባሯ ወደ ጫካው ገፋችው። ሁለተኛው ምት ግን አልመጣም። ዝምታው ሲረዝም ኦራዝ እግሯን አነሳች፤ ወርዳም ሜዳውን ረገጠች፤ ከኮቴዋ ሥርም ውሃ ገነፈለ።

ሐመልማል ማማው ላይ ስትደርስ ከበሮው በመርዕድ ሰይፍ ለሁለት ተተርትሯል፤ መርዕድም ጎኑን በጦር ተወግቶ ወድቋል። ዘቡ «ሕጉ ነው፣ እቴ፤ ሕጉ ነው» እያለ ያለቅሳል።

«ወረደች?» አለ መርዕድ።

«ወረደች፣ ወንድሜ።»

ፈገግ አለ፤ በዚያው አሸለበ።

ንግሥቲቱ ደርሰው አክሊላቸውን አወለቁ። «ለዚህ ጀግና በአገሩ ሁሉ ነጋሪት ይጎሰም!» ብለው አዘዙ።

ሐመልማል እግራቸው ላይ ወደቀች። «ግርማዊት ሆይ፣ ይቅር። ግልገሏ ገና ውሃ እየጠጣ ነው።»

የዘርማት የከበሮ አለቃ ያለ ከበሮ ተቀበረ። እህቱም ድምፅዋ እንዳይሰማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ አለቀሰች።