ከአርባ ሴንቲሜትር ወዲያ

ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ቁስል ርዝመቱ አራት ሴንቲሜትር፣ ወርዱ ሦስት፣ ጥልቀቱ ሁለት ነበር። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በእግሯ የውጭ ጎን ላይ ነው። እግሯ እዚያ ቦታ ላይ ከጎን እስከ ጎን ዘጠኝ ሴንቲሜትር ይሆናል። ራሴ ለክቼዋለሁ።

እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። የምነግራችሁ የደረሰብኝን ነው፤ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። እንዲያውም አንዳንዱን... ለመጻፍ ስለከበደኝ ትቼዋለሁ።

ደግሞ ጨለማ አትጠብቁ። ሁሉም የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በአክስቴ መኝታ ክፍል፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነው። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰገራ፣ አክታና መግል በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። በቀላሉ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው አይደለሁም።

ከዚህ ነገር በፊት አልነበርኩም።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ቁስሉ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ካልሞላ እግሯ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። እስከዚያ ድረስ ነርስ ቤት እየመጣች ፋሻውን ትቀይራለች፤ እኔ ደግሞ ቁስሉን ፎቶ እያነሳሁ እልክለታለሁ። ካሜራ ነበረኝ። በካሜራዬ እስከዚያ ቀን ያነሳሁት ግን አበባና የጎረቤት ድመት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ነርሷ በስክሪኑ ላይ አየቻቸው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቁስል ነው ወይስ ደመና?»

አክስቴ ከትራሷ ላይ ሆና ሳቀች። «ተዪልኝ ልጄን! ሊያስውበኝ ብሎ እኮ ነው።»

ነርሷ ግን ልክ ነበረች። ካሜራው በራሱ ፎከስ ሲያደርግ ቁስሉን ትቶ የፋሻውን ክር ይይዛል። ክሩ ጥርት ይላል፤ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ሥጋ ብዥ ይላል። በዚህ ፎቶ ደግሞ ስለ አንድ ሰው እግር ይወሰናል።

ስለዚህ ተማርኩ።

መጀመሪያ ምርጫውን ከካሜራው ላይ ቀማሁ፤ ስክሪኑ ላይ ካሉት የፎከስ ካሬዎች አንዲት ትንሽ ብቻ አስቀርቼ እሷን ቁስሉ ላይ አሳረፍኳት። ተሻለ። ቀጥሎ ያገለገለ የቅርብ ማንሻ ሌንስ ገዛሁ። በቀለበቱ ላይ ቁጥር አለው። ቀለበቱን በእጅ ስታዞሩት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ነገር ከካሜራው በስንት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ እንዳለ ቁጥሩ ይነግራችኋል።

የካሜራ ማቆሚያውን ከአልጋው አጠገብ ተከልኩ። እግሮቹ የሚያርፉበትን ወለል በፕላስተር ምልክት አደረግሁበት። የአክስቴን እግር ትራስ ላይ አስቀምጬ በሜትር ለካሁ። ከካሜራው እስከ ቆዳዋ ልክ አርባ ሴንቲሜትር።

አንድ ችግር ቀረ። በዚያ ቅርበት ጥርት የሚለው እንደ ወረቀት ስስ የሆነ ንጣፍ ብቻ ነው። የቁስሉ አፍ ሲጠራ ወለሉ ይደበዝዛል። መፍትሔው ካሜራውን ሳይነኩ ቀለበቱን ፀጉር ታህል እያዞሩ ደጋግሞ ማንሳት ነው። በኋላ ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ይደራረቡና ከላይ እስከ ታች የጠራ አንድ ፎቶ ይወጣቸዋል።

ቆዳው አርባ ላይ። የቁስሉ ወለል አርባ ሁለት ላይ። ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም።

መኖር አልነበረበትም...

አንድ ቀን የጀማሪ ስህተት ሠራሁ። አርባ ሁለት ላይ ማቆም ሲገባኝ፣ አክስቴ ቀልድ ስትነግረኝ እየሳቅሁ ማዞሬንና ማንሳቴን ቀጠልኩ።

«ለሠርጌ እንኳ ይህን ያህል አልተነሳሁም» እያለች ነበር። «ያኔ ቢሆን ፊቴን ነበር የሚያነሱት። ዘመን ተገለበጠ!»

ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ተራ በተራ ከፈትኩ፤ እያንዳንዱ በስንት ሴንቲሜትር እንደተነሳ ካሜራው መዝግቦታል።

አርባ ሦስት... ብዥታ።

አርባ ስምንት... ብዥታ።

ሃምሳ አምስት።

ቆዳዋ ደብዝዟል። የቁስሉ አፍ ደብዝዟል። መሃል ላይ ግን፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ አንድ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል።

እርጥብ ነው። ሮዝ። እንደ ላንቃ የተሸበሸበ። በሽብሽቦቹ መካከል አጫጭር ፀጉሮች ተለጥፈዋል። አረፋም አለ፤ በእያንዳንዷ የአረፋ ፊኛ ላይ የአክስቴ መስኮት በትንሹ ያበራል።

ከሃምሳ አምስት ላይ አርባ ሲነሳ አሥራ አምስት ይቀራል።

እግሯ ደግሞ ዘጠኝ ነው።

አፌ በምራቅ ሞላ። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። የበላሁት ሁሉ ወጣ።

ሌንሱን ተጠራጠርኩ። የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በየርቀቱ ፈተሽኩት። ቀለበቱ የሚለው ሁሉ ትክክል ነበር።

በሚቀጥለው ጉብኝት አውቄ አዞርኩት። ያው ሽብሽብ፣ ያው ፀጉር። አሁን ግን የጠራው ሃምሳ አምስት ላይ አልነበረም።

አርባ ዘጠኝ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ከነርሷ ጋር በሄድኩበት ቀን... አርባ አምስት ላይ።

ነርሷ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን የጥልቀት መለኪያዋን ቁስሉ ውስጥ አስገብታ አወጣች። «ጥልቀቱ አንድ ተኩል! ሥጋ እየሞላ ነው እኮ እናቴ!»

እኔ የማየው ጥጡን ነበር። ያለበት መግል አይደለም። የጠራ፣ የሚያዳልጥ ነገር ከቁስሉ እስከ ጥጡ ድረስ ክር ሠርቶ ተሳበ። አልበጠስም አለ። ሽታው መጣ። የበሰበሰ ሥጋ ሽታ አውቃለሁ፤ ያ አይደለም። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው የአፍ ሽታ ነው።

ፎቶውን ለነርሷ አሳየኋት።

«ምንድነው ይሄ? ምላስህን ነው ያነሳኸው?» ብላ ሳቀች። «በል ይሄኛውን ለጥርስ ሐኪም ላከው!» ጓንቷን አውልቃ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

አክስቴ እጄን ጨበጠች። አጨባበጧ የታማሚ አልነበረም።

«ስንት ላይ ነው?» በሹክሹክታ ነው።

«ምኑ፣ እቴቴ?»

«አታሞኘኝ። ያ ነገር... ስንት ላይ ደረሰ?»

«አርባ አምስት።»

«እየመጣ ነዋ።»

«ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ።» ወደ በሩ አየች። «ይልሰኛል።»

«ምን?»

«ከውስጥ። ቀስ እያለ... ላም ጥጃዋን እንደምትልስ።»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

«ለሐኪሙ ልንገረው።»

«እና ይቁረጠው? አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሥጋ ማን የሞላው መሰለህ? የነርሷ ቅባት ነው?» ይበልጥ አጠበቀችኝ። «የላይኛውን ፎቶ ብቻ ላክ። አርባዋን።»

«አያስጠላሽም?»



«ሲልሰኝ ትራሴን ነክሼ ነው የማሳልፈው» አለች። «ግን በሁለት እግሬ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ውሃው መውረዱን አቆመ። ነርሷ ተመለሰች።

እግሩ የእሷ ነው። አርባዋን ላክሁ።

ቁስሉ ከቀጠሮው በፊት ተዘጋ። ሐኪሙ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መቁረጥ አያስፈልግም። የፎቶህ ጥራትም በጣም አድጓል። ለመዝገቡ የጠባሳውን አንድ ፎቶ ላክልኝ።»

ሄድኩ። ነርሷ መምጣቷን ትታለች፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያው ሰዓት፣ ያው ፀሐይ። ማቆሚያውን ምልክቶቹ ላይ ተከልኩ፤ እግሯን ትራሱ ላይ አደረግሁ። ጥርት ብሎ የሚታየውን ነገር ጠርዝ ስክሪኑ በቀይ እንዲቀባልኝ ካሜራውን አስተካከልኩት።

አርባ። ጠባሳው ሮዝና አንጸባራቂ ነበር። ጠርዙ በቀይ ተሰመረ። ልክ እንደሚገባው።

ተነፈስኩ።

«እፎይ...» አለች አክስቴ።

«ምነው?»

«ቀለለኝ። እግሬ... ባዶ ሆነ።»

ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀይ ጠፋ። ጠባሳውም በሮዝ ጭጋግ ተሸፈነ። አንድ ነገር ከፊቱ የቆመ ይመስላል።

ቀና ብዬ በዓይኔ አየሁ። በእግሯና በሌንሱ መካከል ምንም የለም። የፀሐይ ብርሃንና ብናኝ ብቻ። ብናኙ ግን... አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል።

ቀለበቱን ወደ ቅርብ አዞርኩ።

ሠላሳ ሰባት። ቀይ መጣ። ወዲያው ጠፋ።

ሠላሳ አራት። መጣ... ጠፋ።

«አንተ...» አለች አክስቴ በጣም በቀስታ። «ፊትህን ከዚያ ነገር ላይ አንሳ።»

ማንሳት አልቻልኩም። ጣቶቼ ያዞሩ ነበር።

ሠላሳ አንድ።

ሠላሳ ላይ ቀለበቱ ቆመ። ሌንሱ ከዚያ ወዲህ አያይም። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። ያ ሽታ ፊቴን ለብ አድርጎ መታኝ። ጣቴ ቁልፉን ተጫነ።

ከዚያ ስክሪኑ ጠራ። እግሯ ትራሱ ላይ እንዳለ ነው።

«ሄደ?» አለችኝ።

ካሜራውን ከማቆሚያው ፈታሁት።

ፎቶው አለኝ። እግር የለበትም፤ ጠባሳም የለበትም። ከጥግ እስከ ጥግ እርጥብ ሽብሽብ ነው። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የጠራው እሱ ነው።

አክስቴ ዛሬ በሁለት እግሯ ገበያ ሄዳ ትመለሳለች። ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም።

ያን ዕለት ካሜራውን ሳስገባ በሌንሱ የፊት መስታወት ላይ ጠብታ አየሁ። በጨርቅ ጠረግኩት፤ አልጠፋም። በአልኮል ጠረግኩት፤ አልጠፋም። ወደ ብርሃን ይዤ አዘንብዬ አየሁት። ወፍራም ነው፤ አረፋ አለበት። ያለው በመስታወቱ የውስጥ በኩል ነው።

ለካሁት። ስፋቱ አራት ሚሊሜትር ነበር።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባት።