የአጋም ሜዳ አፈር

ምትኩ ሥራውን በቃሉ ያውቀዋል። ሳተላይቱ ስለ አፈሩ እርጥበት የላከውን ቁጥር በወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ሹል ጥርሶች ያሉትን መለኪያ ማሳው ላይ ይሰካል፣ ሁለቱን ያመሳክራል። የዛሬው ወረቀት ለአጋም ሜዳ አራት በመቶ ይላል፤ ደረቅ ማለት ነው። ሲታይም ከዚያ የተለየ አይመስልም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የተሰነጣጠቀው መሬት የተቃጠለ ገለባ ይሸታል፣ በደረቀው ሣር ውስጥ ከሚያፏጨው ነፋስ በቀር ወፍ እንኳ አይሰማም።

ቀበሌው እንዲያግዙት የመደበለት እማማ ዘርፌን ነበር፤ ከስተው የጠቆሩ፣ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ባልቴት። እሱ ይሰካል፣ እሳቸው ቁጥሩን ይመዘግባሉ።

የመጀመሪያው ቦታ ዘጠኝ በመቶ አሳየ። ጥርሶቹን ወልውሎ ደገመው፤ አሥራ አራት። አፈሩን ቢዘግነው እንደ ዱቄት በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ሃያ ስድስት ሲያነብ አፉ ደርቆ ስለነበር ውኃ ጠጣ፤ ውኃው ጉሮሮውን ሳያርስ የጠፋ መሰለው።

«ከዚህ በፊት እዚህ መጥተው ያውቃሉ?» አሉት እማማ ዘርፌ።

አዎ አላቸው። ውሸቱን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በድርቁ ጊዜ፣ ለዚሁ ሥራ ተልኮ መንገዱ ስለከበደው ከከተማው ሆቴል ሳይወጣ ሊለካቸው የሚገባውን የአርባ ቦታ ቁጥር በሙሉ ከሳተላይቱ ገልብጦ ሞላ። ያን ጊዜ ሳተላይቱ ተሳስቶ እርጥብ ብሎ ነበር። በዚያ ሪፖርት የተነሳ እህልም የውኃ ቦቴም ወደ አጋም ሜዳ ሳይላክ ቀረ።

አራተኛው ቦታ አርባ አንድ አለ። ከአፈሩ ሥር ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲጎነጭ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ምትኩ ጠርሙሱን አንጠፍጥፎ ጠጣው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ደም ግን አልወጣውም። የእጁ ቆዳ ተሸብሽቦ አጥንቱ ላይ ተጣበቀ። እንሂድ ሊል ምላሱ አልታዘዝ አለው፤ መሬት ላይ ተዘረረ። እዚያ፣ በስንጥቁ ውስጥ፣ እንደ ትንንሽ አፍ የሚከፈቱና የሚከደኑ ነገሮች አየ።

«ታንጉት ውኃ፣ ውኃ እያለች ሦስት ቀን ቆየች» አሉ እማማ ዘርፌ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የልጄ ልጅ ናት። እሷንም ሌሎቹንም የቀበርናቸው እዚህ ነው። አፈሩ እርጥብ ነው ብለህ ጽፈህ ነበር። የጻፍከውን እውነት እንድታደርገው ስንጠብቅህ ነው የከረምነው።»

ይማሩኝ ሊላቸው አፉን ከፈተ፤ የወጣው አቧራ ብቻ ነበር።

እሳቸው መለኪያውን ከመሬቱ ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከዚያ ምትኩ ደረት ላይ ቀስ ብለው ሰኩትና ቁጥሩን አንብበው፣ ከወረቀቱ ግርጌ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ «ደረቅ» ብለው ጻፉ።