አሥራ አንደኛው ቧንቧ

አንባቢ ሆይ፣ ጆሮህን ለሸረሪት አሳልፈህ ከሰጠህ ስንት ዓመትህ ነው?

በአዲሲቱ ድሬዳዋ ይህን መጠየቅ እንደ ሞኝነት ይቆጠራል። ጆሮ ሸረሪት፣ ማለትም የዜማ መሣሪያ ውስጥ ገብታ የምታዳምጥና ከልኩ የወጣውን እየሞረደች፣ እየበየደች የምታርም አውራ ጣት የምታህል ማሽን፣ ክራሩንም መለከቱንም ስታርም ኖራለች። ያመሰገናት እንጂ የሞገታት የለም።

የጥገና ሠራተኛዋ ዘነቡ ጳውሎስ ሸረሪቷን ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ኦርጋን፣ በቧንቧ ውስጥ በሚነፋ አየር ወደሚዘምረው ግዙፍ መሣሪያ የለቀቀቻት በጉጉት ነበር። ኦርጋኑ ዝም ካለ ሠላሳ ዓመቱ ነው። የመጨረሻው ተጫዋች አባቷ ነበር። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ መስማት ትፈልጋለች።

የታደሰው ኦርጋን በሚመረቅበት ዋዜማ ረፋዱ ላይ ሸረሪቷ ቆመች። አሥራ አንድ ቧንቧዎች ስሕተት ናቸው ብላ አሥሩን አርማ፣ መበየጃዋ አልቆባት ነው። ዘነቡ የቀረውን ነቅላ አየችው። በአባቷ እጅ ጽሑፍ ተጭሮበታል፦ «የብርቄ ጉሮሮ»።

ቧንቧውን ይዛ፣ በአባቷ ጊዜ ከኦርጋኑ ጋር ይዘምሩ ወደነበሩት ወደ እማማ ብርቄ ቤት ሮጠች።

«የኔ ነዋ!» ብለው ሳቁ አሮጊቷ። «ኦርጋኑ የፈረንጅ ጉሮሮ ነበረው። እኛ ልንደርስበት ሲያቅተን አባትሽ ተናደደና ‹እናንተ ካልመጣችሁ እሱ ይመጣል!› ብሎ ሞረደው። ለአሥራ አንዳችንም፣ ለየድምፃችን። የነአስካለ ቧንቧስ አሁንም ያምራል?»

ዘነቡ ቧንቧውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሌሎቹ አሥሩ ዘማሪዎች ሞተዋል፤ አሥሩን ቧንቧዎች ያስሞረደችው እሷ ናት።

የጥገናው ኃላፊ ኢንጂነር ተካበ ግን ነገሩን ስትነግራቸው፣ «ልኩን ስቷል ወይስ አልሳተም?» አሏት።

«ስቷል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አስተካክዪው!»

አላስተካከለችውም። በቦርሳዋ ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ኦርጋኑ፣ በጎደለው ቦታ አዲስ ቧንቧ ተተክቶለት፣ እንከን የለሽ ሆኖ አገሳ። ምእመናኑ ሊዘምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልደረሱበትም፤ መልሰው ዘጉ። የኃላፊዎች ጭብጨባ ብቻ ተሰማ።

ዘነቡ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። ቧንቧውን ከቦርሳዋ አውጥታ በአፏ ነፋችው። ቀጭን፣ ትንሽ ዘንበል ያለ ድምፅ ወጣ። እማማ ብርቄ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተቀበሉት። ድምፃቸው ተሰንጥቋል፤ ቧንቧውን ግን የፀጉር ስንጥቅ ታህል አልሳተም። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ዜማው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ሌላው፤ ከዚያም ቤቱ ሁሉ።

ዘነቡ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ኢንጂነር፣ የሰው ጉሮሮ ስሕተት ነው ብሎ የፈረደው ማነው? ቢሮዎ ጠርተው አይንገሩኝ። ማይኩ ይኸው፤ ለሕዝቡ ይመልሱ!»