የጋሽ ካሴ ስም ከግሩፑ አይወጣም

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ነው። የማያምን አያንብበው፤ ማንንም አልለምንም።

ቦታው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ሰዓቱ ከቀኑ 6፡40። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ...

ራሂማ እባላለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ የመሬት መዝገቡን ኮምፒውተር የምጠብቀው እኔ ነኝ። አርብ ገበያ ላይ ደግሞ እንደኛው ያለ ቢሮ አለ። ሁለታችንም የየራሳችን ኔትወርክ፣ የየራሳችን የሠራተኛ ዝርዝር አለን። ኔትወርኮቹ ግን እንዲተማመኑ ተደርገው ተያይዘዋል። የእነሱን ሠራተኛ እኔ ግሩፕ ውስጥ ካስገባሁት የእኛን መዝገብ ከፍቶ ይሠራል።

ግሩፑ «አራሚዎች» ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው የባለ መሬትን ስም መለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ የማየው እኔ ነኝ።

ከአርብ ገበያ የነበሩት ጋሽ ካሴ ብቻ ናቸው። ሰኔ ላይ ዐረፉ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሰው ሲሞት እነሱ ከዝርዝራቸው ይሰርዙታል። ያኔ እኔ ጋ ስሙ ይጠፋና ረጅም ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ ቁጥሩን እኔ አወጣዋለሁ። የአርብ ገበያው የኮምፒውተር ባለሙያ እሱባለው ግን እምቢ አለ። አርባቸው ሳይወጣ ስማቸውን ብሰርዝ እጄ ይቆረጥ አለኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቢሆንም የሰው ሐዘን ይገባኛል። ይሁን አልኩት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወይም ስህተት አልነበረም... እናንተ ፍረዱ።

በሞቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ከዙሁር ሰላት ስመለስ ሁሉም ምሳ ወጥቷል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለውን የዕለቱን መከታተያ ከፈትኩ።

6፡40። ካሴ ገብተዋል።

ስሙን ደግሜ አነበብኩት።

የገቡት አርብ ገበያ ካለው ከራሳቸው ኮምፒውተር ነው ይላል። እሱባለው ጋ ደወልኩ። የሚስጥር ቃላቸውን የሰረቀ ሰው ይኖራል፣ ሂድና እጅ ከፍንጅ ያዘው አልኩት። ሲራመድ ይሰማኛል። በር ተከፈተ... እርምጃው ቆመ።

«እሱባለው?»

«ቀስ በይ» አለ በሹክሹክታ። «የቢሯቸውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ከኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«የለም እኮ። ባለፈው ሳምንት ለጥገና ልከነዋል።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ጠረጴዛና ወንበር... ወንበሩ ግን ይሞቃል፣ ራሂማ። ሰው አሁን የተነሣበት ነው የሚመስል።»

ያን ቀን ፈራሁ፤ አልዋሽም። የጋሽ ካሴን ስም ከግሩፑ አወጣሁት። በማግስቱ ከሰላት ስመለስ ስሙ ተመልሷል።

ያስገባው ማን ይላል?

ራሂማ። 6፡40።

በዚያ ሰዓት እኔ መስጊድ ውስጥ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ ሱጁድ ላይ ነበርኩ።

ሦስት ቀን አወጣሁ፤ ሦስት ቀን ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ፍርሃቴ እልህ ሆነ። ቆይ፣ የሞተ ሰው መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ የነኩትን ፋይል ፈለግሁ።

አንድ ብቻ ነው። የሚስታቸው፣ የእትዬ ካሣነሽ። ባልና ሚስት እኛ ወረዳ ውስጥ ያረሱት መሬት ነው።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው «ካሣነሽ» የሚለውን ሰርዞ «ክንዱ» ብሎ ይጽፋል። ክንዱ የሟች ወንድም ነው። ቀን 6፡40 ላይ ጋሽ ካሴ መልሰው «ካሣነሽ» ያደርጉታል። የጠዋቱ ሰው የእኛው አለቃ፣ አቶ ይታየው ነበሩ።

ደሜ ፈላ። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት መሬት መንጠቅ! ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው።

ዞር ስል አቶ ይታየው ከኋላዬ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እሳቸውም ስሙን አይተውታል።

«ያንን የሙት ስም አስወጪልኝ» አሉ።

«አላወጣም።»

«ታዝዘሻል።»

«የሚወጣ ስም አለ። የእሳቸው አይደለም።»

እያዩኝ እሳቸውን ከግሩፑ አወጣኋቸው። ካባረሩኝም ያባርሩኝ ብዬ መከታተያውን በሙሉ አትሜ ለበላያቸው ላክሁ። በማግስቱ 6፡40 ላይ ሰላቴን ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቼ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የአቶ ይታየው ስም አልተመለሰም። ጋሽ ካሴም ከዚያ ወዲህ አልገቡም።

እትዬ ካሣነሽ ጥቁር ለብሰው መጥተው የመሬት ደብተራቸውን ወሰዱ። ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቀውኝ አሳየኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ።

በአርባው ዕለት እሱባለው ደወለ። ተዝካሩ ወጥቷል፤ ካሴንም አሁን ሰረዝኳቸው አለኝ።

ግሩፑን ከፈትኩ። ስሙ ጠፍቶ ረጅሙ ቁጥር ብቻ ቀርቷል። ላወጣው ስል... ሰዓቱን አየሁ።

6፡40።

ዓይኔ እያየ ቁጥሩ ስም ሆነ። ስሙ ግን የካሴ አይደለም።

ራሂማ ይላል፣ ከነአባቴ ስም። የአርብ ገበያ ሠራተኛ።

አርብ ገበያ ሠርቼ አላውቅም። እሱባለው ጋ መልሼ ደወልኩ፤ በዝርዝራችን ውስጥ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም አለ።

አላወጣሁትም። አላወጣውምም። ክንዱ ዛሬም በቢሯችን ደጅ ያልፋል፤ ወንድ ከሆነ ያቺን መሬት ይንካት።

ከስሜ ጎን የተመዘገበበት ቀን አለ። ሰኔ ላይ ነው...

ጋሽ ካሴ የተቀበሩበት ቀን።