ቀጭኑ ቱቦ

ካፒቴኑ የወደቀው ወደ ውስጥ ዞሮ ነው። ጭንቅላቱ ከመኪናዋ የፊት ጎማ አጠገብ፣ እግሮቹ ወደ በሩ፣ አንድ ጫማው ደግሞ ከደጅ ሣሩ ላይ ወልቆ ቀርቷል። ከእሳት የሚሸሽ ሰው እንዲህ አይወድቅም። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ግን ያዩት እሳቱን እንጂ ጫማውን አልነበረም፤ ሰው ሲደነግጥ ትልቁን ነገር ብቻ ነው የሚያየው።

የመኪናው ቤት ግድግዳ ጠቁሯል። የእሳት ማጥፊያው ነጭ ዱቄት በየዕቃው ላይ ተነስንሷል። ሰማያዊዋ አሮጌ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ካፒቴኑ ዕድሜውን በመርከብ ላይ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ ልቡን የሰጣት ለእሷ ነበር። ቤንዚን በካርቡሬተር ሳይሆን በኢንጄክሽን፣ በከፍተኛ ግፊት፣ መርጨት ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ ናት እያለ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ በወሬዋ ያደክም ነበር።

ለፖሊስ ጣቢያው ነገሩ ቀላል ነበር። ሞተሩ እንደተነሳ የቤንዚን ቱቦው ፈነዳ፣ ቤንዚኑ በጋለው ብረት ላይ ተረጨ፣ ተቀጣጠለ። ቱቦውን በቅርቡ የቀየረው የካፒቴኑ የልብ ወዳጅ፣ ሽማግሌው መካኒክ ነው። ፖሊሶች ወደ መኪናው ቤት ሲያመጡት የፈነዳውን ቱቦ በጣቶቹ ጨመቅ አደረገና ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄ ለካርቡሬተር የሚሆነው ቀጭኑ ነው። ዓይኔ ከዳኝ። ወዳጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ጥፋቱን የሚያምን ሰው ከተገኘ ፋይል መዝጋት ምን ይከብዳል! ነገ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይህንኑ ሊደግም ነው። ከዚያ በኋላ እስር ቤት ነው፤ ቢወጣም መፍቻ የሚያስጨብጠው የለም።

የጣቢያው አለቃ ግን ሆዱ አልቆርጥ አለውና መርማሪዋን ጠራት። ባልደረቦቿ «አጣሪ» ይሏታል። ሻይዋን እንኳ ሁለቴ ሳታጣራ አትጠጣም እያሉ ያሟታል፤ ሐሜቱ እውነት ነው።

አጣሪ በሩ ላይ ቆማ ወደ ሣሩ ተመለከተች።

«ሳጅን፣ ይህ ጫማ የማን ነው?»

«የሟች ነው። ሲሮጥ ወልቆበት።»

«ወዴት ሲሮጥ?»

ሳጅኑ ጫማውን አየ፣ ከዚያ በሩን።

ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። ቱቦው ከመሃሉ ተተርትሯል። በቤንዚን ማጣሪያው በኩል ያለው ጫፍ ግን እሳቱ አልደረሰበትም፤ ጥላሸት ብቻ ነው የለበሰው። እዚያው ጫፍ ላይ፣ የፋብሪካው ጽሑፍ በሚታተምበት ቦታ፣ አንድ ሰው ጎማውን በስለት ፍቆታል። ዙሪያው ከሰል የመሰለ ነው፤ የተፋቀው ቦታ ግን ንጹሕ።

«ርካሽ ቱቦ መሆኑ እንዳይታወቅበት መካኒኩ ፍቆት ነዋ» አለ ሳጅኑ።

«ይሆናል» አለች። ይሆናል ስትል አይሆንም ማለቷ እንደሆነ ሳጅኑ ለምዶታል።

ቱቦውን ጨምድዶ የያዘው የብረት ቀለበት ብሎን ላይ አንድ ቀይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ከብሎኑ ይነሳና፣ ቀለበቱ ላይ ትንሽ ተዛንፎ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቱቦው ላይ አይቀጥልም።

«ደም ነው እንዴ?»

«ደም እንዲህ አያብለጨልጭም» አለችው።

የካፒቴኑ ሚስት ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ደርቀዋል።

«እዚህ ቤት ባልና ሚስት ብቻ አልነበርንም። ያቺ መኪና ጣውንቴ ነበረች» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ለእኔ አበባ ገዝቶልኝ አያውቅም፤ ለእሷ መስታወት መወልወያ ጨርቅ ከባሕር ማዶ ያስመጣ ነበር።»

«ይጠሏት ነበር ማለት ነው፣ እትዬ?»

«መኪናዋን ነው መንዳቱን? ግራ ዓይኑ ማየት ካቆመ ቆይቷል። በሩን ገጨ፣ አጥሩን ገጨ። ባለፈው ደግሞ አንዲት ሕፃን ለጥቂት ነው የተረፈችው። ለመንኩት፣ አለቀስኩ። ‹መርከብ ያዘዝኩ ሰው በመኪና አትፍሪ› ይለኛል።»

«ለሌላ ሰው ነግረው ነበር?»

«ለማን እነግራለሁ፣ ለወንድሙ ነዋ። ‹እባክህ ያቺን መኪና አንድ ነገር አድርግልኝ› አልኩት። ምን ያድርግ? እሱም እንደኔ ተመልካች ነው።»

ታናሽ ወንድምየው መለዋወጫ ሻጭ ሲሆን ቤቱ ከወንድሙ ቤት ግድግዳ ይጋራል። የመኪናው ቤት ቁልፍ ያላቸው እሱና ባልና ሚስቱ ናቸው። ማጥፊያ ይዞ የደረሰውም እሱ ነው። ፖሊስ ልትጠራ ወደ ቤት ገብታ ስትመለስም ከሬሳው አጠገብ እንዳልተነቃነቀ ሚስትየዋ ተናገረች።

«መካኒኩስ?»

«እሱንማ ፖሊሶች ናቸው ያመጡት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ፊቱ ላይ ተፋሁበት።»

ደጅ ሲወጡ ሳጅኑ ሹክ አለ። «ሴትየዋ አላለቀሰችም። ቁልፍ አላት። መኪናዋንም ትጠላለች።»

«ያላለቀሰ ሁሉ ገዳይ ቢሆን አንተን ስንቴ ባሰርኩህ» አለች አጣሪ። ግን ያለውን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሚስትየዋን ከጥርጣሬ ገና አላወጣቻትም።

የወንድምየው ሱቅ ጠባብ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ያስቀናል። የተጣመመ ብሎን ሳይቀር በየቆርቆሮው ተለይቶ ተቀምጧል። ቱቦዎች ተጠቅልለው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ቁርጥራጮቹ ለብቻቸው ጥግ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ምንም አይጥሉም መሰለኝ» አለችው።

«ደህና ዕቃ መጣል አልችልም፤ እጄ እሺ አይለኝም» አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ዓይኑ ከለቅሶ ቀልቷል።

«ስለ ቱቦ ያስተምሩኝ። እኔ የማውቀው የአትክልት ማጠጫውን ብቻ ነው።»

ሰውየው ሙያው ሲነሳ ሐዘኑን ለአፍታ ረሳ። «በካርቡሬተር ቤንዚኑ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ቀጭን ቱቦም ይችለዋል። ኢንጄክሽን ሌላ ነው። ፓምፑ በኃይል ይገፋዋል፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ከውስጥ የተጠናከረ ቱቦ ይፈልጋል። የሚያስረው ቀለበት እንኳ ጎማውን እንዳይቆርጥ ጠርዙ የለሰለሰ መሆን አለበት። የዛሬ ቤንዚን ደግሞ የድሮ ጎማ ይበላል፣ ስለዚህ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ኢንጄክሽን ላይ ቀጭኑን ያስገባ ሰው ክብሪት ጭሮ ሞተር ውስጥ አስቀመጠ በለው።»

«ወፍራሙን እርስዎ ይሸጣሉ?»

«እኔ? አንድም ቀን ይዤ አላውቅም። ደንበኞቼ ሁሉ ባለ ካርቡሬተር ናቸው። መካኒኩም ይንቀኛል፣ ከሌላ ነው የሚገዛው። ያንን ጉድ ከየት እንዳመጣው እሱን ጠይቁት።»

አጣሪ አመሰገነችው። ስትወጣ ጥግ ላይ የተንጠለጠሉትን ቁርጥራጮች አየት አደረገች። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ነው። አልነካችውም።

መካኒኩ እስር ክፍሉ ውስጥ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ዳር ላይ ቀይ ነገር ያብለጨልጫል።

«ጋሼ፣ ጣትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «ተዪው ልጄ። ሰው ይስቅብኛል።»

«እኔ ፖሊስ ነኝ እንጂ ሰው መቼ ሆንኩ?»

ሽማግሌው ሳያስበው ፈገግ አለ። «የጥፍር ቀለም ነው። የሟቿ ሚስቴ። ብሎን አጥብቄ ስጨርስ ከብሎኑ አንስቼ ቀለበቱን አልፌ እስከ ጎማው ድረስ አንድ መስመር እሰምራለሁ። ማሰሪያው ከተነቃነቀ መስመሩ ይሰበራል፤ በሌላ ቀን ኮፈን ስከፍት ሳልነካው አውቃለሁ። ጠርሙሱን ሳትጨርሰው ሄደች። መጣል አልሆነልኝም።»

«ይህንን ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ሊጠቅም? በስህተት ላይ መስመር ቢሰመርበት ያው ስህተት ነው።»

«ቱቦውን ሲገዙ ጽሑፉን አላነበቡትም?»

«አንብቤያለሁ ብዬ ነበር።» ዓይኖቹን በእጁ ጀርባ አሸ። «ያነበብኩት የለመድኩትን ነው መሰለኝ። አሁን በገዛ ዓይኔ አላምንም፣ ልጄ። ሌላ ሰው ከመግደሌ በፊት እሰሩኝ።»

አጣሪ ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ለሱቁ የመፈተሻ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በመኪናው ቤት ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣት። ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መካኒኩ በሁለት ፖሊሶች መካከል አንገቱን ደፍቷል፤ ቀና ብሎ ሚስትየዋን ለማየት አልደፈረም።

«ከተፋቀው ጽሑፍ እንጀምር» አለች አጣሪ። «ቱቦው ሁሉ ጥላሸት ለብሷል። የተፋቀው ቦታ ላይ ግን ጥላሸት የለም። ከእሳቱ በፊት ተፍቆ ቢሆን እሱም አብሮ ይጠቁር ነበር። የተፋቀው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ጋሼ የመጡት ደግሞ በፖሊስ ታጅበው፣ ሁሉም እያያቸው ነው። ስለዚህ የፋቁት እሳቸው አይደሉም።»

መካኒኩ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ከእሳቱ በኋላ፣ ከፖሊስ በፊት፣ እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሚስትየዋና ወንድምየው ተያዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አሸሹ።

«ሁለተኛው ይህ ነው።» ቀዩን መስመር በእስክሪብቶ ጠቆመች። «ጋሼ የሚሰምሩት እስከ ጎማው ድረስ ነው። እዚህ ግን መስመሩ ከብሎኑ ተዛንፏል፣ ቀለበቱ ላይም ተቆርጦ ቀርቷል። ቀለበቱን ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ቱቦው ግን እሳቸው ያስገቡት አይደለም። የእሳቸውን አውጥቶ፣ ቀጭኑን አስገብቶ፣ በዚያው ቀለበት መልሶ ያሰረ ሰው አለ።»

«በጥፍር ቀለም ነው ሰው የሚከሰሰው?» አለ ወንድምየው። ሳቅ ብሎ ነበር፤ ማንም አልተከተለውም።

አጣሪ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሳጅኑ ከወረቀት ከረጢት አጭር፣ ወፍራም ጥቁር ቱቦ አወጣ። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ቀለበት የነከሰው ዙሪያ ምልክት አለ። ከምልክቱ ጠርዝ የሚነሳ ቀይ መስመር አለ። ጫፉን ከመኪናዋ ቀለበት አጠገብ ሲያስጠጋው ሁለቱ ግማሾች ገጠሙ።

«ይህ የተገኘው፣ ወፍራም ቱቦ አንድም ቀን ተይዞ በማያውቅበት ሱቅ ነው፤ ከቁርጥራጮቹ ጋር ተሰቅሎ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን ቆሻሻ ውስጥ ይወረውረው ነበር። አንተ ግን ደህና ዕቃ መጣል አትችልም።»

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው የነበረችው ሴት «አንተ» ማለቷን ሁሉም ሰማ። ሚስትየዋ ከወንበሯ ተነሳች።

«አንተ ነህ?»

«ዓይን ሐኪም ዘንድ የዋላችሁ ዕለት ነው» አለ ወንድምየው። «ለምነሽኝ ነበር። አንድ ነገር አድርግልኝ ብለሽኝ ነበር። መኪናዋ እዚሁ ቆማ ትቃጠል፣ ሕፃን ሳይገድል እንገላገል ብዬ ነው። እሱን አይደለም። በእናቴ ሞት እሱን አይደለም። እሳት ሲያይ ወጥቶ ይሮጣል ብዬ ነበር።»

«ወጥቶም ነበር» አለች አጣሪ። «ጫማው ደጅ ነው ያለው። ከደጅ ተመለሰ። ኮፈኗን የከፈተው ሊያድናት ነው።»

ሚስትየዋ ጫማው ወደወደቀበት ሣር ዞረች። ከጠዋት ጀምሮ የጠፋባት እንባ አሁን መጣ። «እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጥሏት እንደማይሄድ እነግርህ ነበር። ከሱ ጋር የኖርኩት እኔ አይደለሁም?»

«ክብሪት እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ» አለች አጣሪ። «ወንድምህን መግደል አልፈለግህም ይሆናል፤ እሱን ዳኛው ይመርምረው። ግን የወንድምህ ሬሳ ገና ሳይነሳ ስለት አወጣህ። ቀጭኑ ቱቦ ሱቅህ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት መሆኑ እንዳይነበብ ጽሑፉን ፋቅህ። ይህ ሽማግሌ ‹እኔ ነኝ› ሲል አጠገቡ ቆመህ ሰማህ፤ ዝም አልክ። የወንድምህ ሞት ያላሰብከው ነው እንበል። ዝምታህን ግን አስበህበታል።»

ፖሊሶቹ ከመካኒኩ ግራና ቀኝ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። ሲያልፍ ወደ መካኒኩ ዞሮ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ግን ፊቱን አዞረበት።

ሚስትየዋ ወደ መካኒኩ መጣች። ነጠላዋን በእጇ ይዛ፣ የተፋችበትን ጉንጩን ጠረገችለት።

አጣሪ ወፍራሙን ቱቦ ከሳጅኑ ተቀበለችና ለመካኒኩ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልን።»

«መነጽሬ የለም።»

«ያለ መነጽር።»

ሽማግሌው ቱቦውን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ ሳይዘል አነበበው፦ ለቤንዚን፣ ለኢንጄክሽን፣ ለከፍተኛ ግፊት። ሲጨርስ ቱቦውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

«ትክክል ነበርኩ» አለ። «ልጄ፣ አንብቤው ነበር።»

ከዚያም ስለ ወዳጁ ማልቀስ ጀመረ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መብቴ አይደለም ብሎ ይዞት ኖሯል።