የወይዘሮ ጌጤ የወንድም ልጅ

በሐምሌ ወር ሰፈራችን ዘመድ በዘመድ ይሆናል። የኪራይ ገቢ ለግብር የሚያሳውቁት በዚያ ወር ነውና፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጓሮው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ያለው ሰው አንዱን ተከራይ «የእህቴ ልጅ»፣ ሌላውን «የአጎቴ ልጅ» ያደርገዋል። ዘመድ ኪራይ አይከፍል፤ ግብርም አይመጣበት። ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ብልጠት ነው የሚባለው።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጌጤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሦስት ሰርቪስ ቤቶች በሚያገኙት ኪራይ ይተዳደራሉ። እሳቸውም ካቻምናና አምና ሁለቱን ቤቶች ብቻ አሳውቀው፣ ስለ ሦስተኛው «የወንድሜ ልጅ ትኖርበታለች» ብለው ፈረሙ። የምትኖርበት ግን እናናየሁ ናት። ከአንኮበር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ኪራይዋንም አታዛንፍም። «ከጠየቁሽ የወንድማቸው ልጅ ነኝ በይ» ተባለች፤ እሺ አለች። ቤት በጠፋበት ከተማ ሌላ ምን ትላለች?

ነሐሴ ላይ እናናየሁ አንኮበር እናቷ ዘንድ የተወቻትን ልጇን አርሴማን አምጥታ አንደኛ ክፍል ልታስገባ ተነሣች። ትምህርት ቤቱ የነዋሪነት ማስረጃ ጠየቃት፤ ቀበሌው ደግሞ የኪራይ ውል።

«እትዬ ጌጤ፣ እባክዎ ውል ይጻፉልኝ። ልጄን ናፍቄ ሞትኩ» አለች።

ወይዘሮ ጌጤን ጭንቅ ያዛቸው። ለወንድም ልጅ እንዴት የኪራይ ውል ይጻፋል? በጓሯቸው «የእህት ልጅ» ያላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ባየው ይህን ሰምተው መጡ።

«ተይ ጌጤ! ውሉን ከጻፍሽ በገዛ እጅሽ ራስሽን ማጋለጥ ነው። ልጅቷ ለከርሞ እዚያው አንኮበር ትማር። ደሞስ ማን ጠየቀሽ?»

«እኔንማ ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሽ ባየው። የምትጠየቀው እሷ ናት። የእኔን ውሸት ተሸክማ የምትንከራተተው እሷ ናት።»

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ።

«ያሳወቅሁትን ግብር ላስተካክል ነው የመጣሁ» አሉ።

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻቸው። «ደብዳቤ ደርሶዎት ነው?»

«የለም። ማንም አልጠራኝም።»

ፋይሉን አውጥታ ገለጠች። «እዚህ ላይ ግን የወንድምዎ ልጅ ይላል።»

«ወንድም ኖሮኝ አያውቅም፣ ልጄ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን አልደፉም። እንደዚያ ቀን በጎረቤቴ ኮርቼ አላውቅም። ማስተካከያውን ሞልተው ልዩነቱን ከነወለዱና ከነመቀጫው ከፈሉ። ብሩን ያስቀመጡት ጣሪያ ሊያስለውጡበት ነበር፤ ሳሎናቸው አሁንም ስለሚያፈስ ባልዲ ደቅነውበታል።

ውሉ ተጻፈ፤ አርሴማም መጣች። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግባ ከጓሮ ስትወጣ ወይዘሮ ጌጤ በር ላይ ቆመው ይሸኟታል። ማንም ሳያስጠናት «አያቴ» ትላቸዋለች።

ወገኖቼ፣ አሳንሰን ያሳወቅነው ገቢ ወረቀት ላይ ተኝቶ የሚቀር ይመስለናል፤ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይከፍልበታል። የተሳሳተውን ሳይጠሩ ሄዶ ማስተካከል ደግሞ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ባየው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይዘሮ ጌጤን በር ላይ አቆሟቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ መሬት እያዩ፣ «ጌጤ፣ ያ ማስተካከያ የሚሞላው ስንተኛው ቢሮ ነው?» አሉ።

«ነገ አብረን እንሄዳለን፣ ጋሽ ባየው» አሉ ወይዘሮ ጌጤ። «ለእህትዎ ልጅ ግን ዛሬውኑ ይንገሩት፤ እሱም ይረፍ።»